ለእንጨት ሥራ የባትሪ ድሪል ሲገዛ ምን ይታይ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። በብዛት የምሠራው የወጥ ቤት ካቢኔት፣ ቁም ሣጥንና አልጋ ሲሆን እስካሁን የምጠቀመው በገመድ በሚሠራ ድሪል ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራ ስለሚቆምብኝ፣ ካቢኔት ለመግጠም ደንበኛ ቤት ስሄድም ገመድ መጎተቱ ስላስቸገረኝ የባትሪ ድሪል ለመግዛት ወስኛለሁ። መርካቶ አንድ ሻጭ «48 ቮልት» የሚል የተጻፈበትን፣ ዋጋው ግን ከታወቁት ኩባንያዎች 18 ቮልት ድሪል በጣም ያነሰውን አሳየኝ። አሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ ደግሞ «20 ቮልቱን ይዤልህ ልምጣ» ይለኛል። የሙያ ጓደኞቼ በበኩላቸው ኢምፓክት (እየመታ ቪቲ የሚያጠብቀው መሣሪያ) ካልሆነ ገንዘብህን አታባክን ይሉኛል። የማንን ልስማ?

አናጢ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ገበያው ገዢን በብዛት የሚያደናግረው በቮልት ስለሆነ በቅድሚያ እሱን ግልጽ እናድርገው። የዛሬዎቹ ድሪሎች የሚሠሩት በሊቲየም አዮን ባትሪ ሲሆን፣ የባትሪው ሽፋን ሲከፈት በውስጡ የባትሪ ድንጋይ የሚመስሉ ነጠላ ሴሎች ተደርድረው ይገኛሉ። አንዱ ሴል በአማካይ 3.6 ቮልት ይሰጣል፤ ቻርጁ ሞልቶ ሲነሣ ግን እስከ 4.2 ቮልት ይደርሳል። አምስት ሴሎች በተከታታይ ሲያያዙ በአማካዩ ከተሰላ 18፣ አንዱ ሴል 4 ቮልት ነው ተብሎ ከተሰላ 20፣ በሙላቱ ከተሰላ ደግሞ 21 ቮልት ይሆናል። ስለዚህ ወንድምዎ የሚሉት 20 ቮልትና የታወቁት ኩባንያዎች 18 ቮልት በቮልት አይበላለጡም። ለምሳሌ ዲዋልት አሜሪካ ውስጥ «20 ቮልት ማክስ» ብሎ የሚሸጠውን አውሮፓ ውስጥ 18 ቮልት ብሎ ያቀርበዋል። ባለ ሦስት ሴሉ አነስተኛ ባትሪም እንዲሁ በአንዱ ካርቶን ላይ 10.8፣ በሌላው ላይ 12 ቮልት ተብሎ ይገኛል።

«48 ቮልት» የተባለውን በዚሁ ስሌት ይፈትኑት። 48 ለ3.6 ሲካፈል ከ13 በላይ ሴል በተከታታይ መያያዝ እንዳለበት ያሳያል፤ ይህን ያህል ሴል ደግሞ አምስት ሴል ብቻ በሚይዝ ባትሪ መጠን ውስጥ ሊገባ አይችልም። እንዲህ ያለ ቁጥር የተለጠፈባቸው ርካሽ ባትሪዎች ሲከፈቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ያው አምስት ሴል ነው። ድሪሉ ጨርሶ አይሠራም ማለት አይደለም፤ ለቤት ውስጥ ቀላል ጥገና ሊያገለግል ይችላል። ነገር ግን ቮልቱን አጋንኖ የጻፈ አምራች አምፒር ሰዓቱን፣ ማለትም የባትሪውን የመያዝ አቅም፣ በእውነት ጽፎታል ብሎ ማመን ይከብዳል፤ ለእርስዎ ሥራ ዋናው ደግሞ እሱ ነው። ባትሪው የሚይዘው ኃይል የሚታወቀው ቮልቱ በአምፒር ሰዓት ሲባዛ ነው፦ 18 ቮልት በ2 አምፒር ሰዓት 36 ዋት ሰዓት፣ በ5 አምፒር ሰዓት ደግሞ 90 ዋት ሰዓት ይሰጣል። ባለ 5 አምፒር ሰዓቱ በተለምዶ አሥር ሴሎችን በሁለት ረድፍ ስለሚይዝ ከባለ 2ቱ ወፈር ይላል፤ ክብደቱም 600 ግራም አካባቢ ነው። «5 አምፒር ሰዓት» የሚል ጽሑፍ እያለው ሲያነሡት ቅልል የሚል ባትሪ ካጋጠመዎት ለሻጩ ይመልሱለት።

ወደ ሥራዎ ስንመጣ፣ ካቢኔት የሚገጥም ሰው ከጉልበት ይልቅ ልክ ላይ የሚቆም መሣሪያ ያስፈልገዋል። በቺፕውድ ላይ የማጠፊያ ቪቲ፣ ማለትም 3.5 በ16 ሚሊ ሜትር የሆነው ዓይነት፣ ከሚገባው በላይ ግማሽ ዙር እንኳ ከዞረ ጥርሱ የያዘውን እንጨት ፈጭቶ በባዶው መሽከርከር ይጀምራል፤ ያ ቀዳዳ ደግሞ ዳግመኛ ቪቲ አይዝም። ይህን የሚከላከለው ከፑንታው መያዣ ኋላ ያለው፣ ቁጥሮች የተጻፉበት ቀለበት ነው። ሥራው ከመኪና ፍሪሲዮን ጋር ይመሳሰላል፤ ቪቲው በተወሰነለት መጠን ሲጠብቅ ሞተሩን ከፊቱ ክፍል ይለየዋል። ከትንሹ ቁጥር ተነሥተው በቁራጭ እንጨት ላይ እየሞከሩ ከፍ ያድርጉት፤ የቪቲው አናት ከእንጨቱ ገጽ ጋር እኩል ሲሆን «ተረረር» ብሎ የሚቆምበትን ቁጥር ካገኙ በኋላ ሙሉውን ካቢኔት በዚያው ልክ መግጠም ይችላሉ። የፑንታ ምልክት ያለበት የመጨረሻው ቦታ ለመብሳት ብቻ ነው።

ማርሹም ሁለት መሆን አለበት። አንደኛው በደቂቃ 400 ወይም 500 ዙር ያህል የሚዞር፣ ቀርፋፋ ነገር ግን ጉልበታም ሲሆን፣ ቪቲ ለማጥበቅና የማጠፊያውን 35 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ለመብሳት ይጠቅማል። ሁለተኛው ከ1,300 እስከ 2,000 ዙር የሚደርስና ለቀጫጭን ፑንታዎች የሚሆን ነው። በካርቶኑ ላይ ስለ መጠምዘዝ ኃይል ሁለት የኒውተን ሜትር ቁጥሮች ተጽፈው ካዩ፣ ትልቁ ድንገት በሚቆም የብረት ብሎን ላይ፣ ትንሹ ደግሞ ቀስ እያለ በሚጠብቅ እንደ እንጨት ባለ ነገር ላይ የተለካ ነው። ሻጮች የሚያነቡልዎ ትልቁን ነው፤ እርስዎ ትንሹን ያነጻጽሩ።

ሥራዎ ካቢኔት ብቻ ቢሆን ኖሮ ክብደቱ አንድ ኪሎ አካባቢ የሆነውን፣ ካቢኔት ውስጥ ገብቶ ለመሥራት የማያስቸግረውን ባለ 12 ቮልት ድሪል ያለማመንታት እመክርዎ ነበር። አልጋ ስለሚሠሩ፣ ከዋንዛም ሆነ ከባሕር ዛፍ ወፍራም እንጨት ጋር ስለሚታገሉ ግን መጠነኛ 18 ቮልት፣ 13 ሚሊ ሜትር ፑንታ የሚይዝና ትልቁ የመጠምዘዝ ኃይሉ 50 ኒውተን ሜትር አካባቢ የሆነ ይምረጡ። አቅምዎ ከፈቀደ ካርቦን የሌለው፣ ብረሽለስ የሚባለው ሞተር በአንድ ቻርጅ ረዘም ላለ ጊዜ ያሠራል። ካልፈቀደም ካርቦን ያለው አያሳፍርም፤ ካርቦኑ ሲያልቅ ይቀየራል። ከአንድ ባለ 5 አምፒር ሰዓት ይልቅ ሁለት ባለ 2 አምፒር ሰዓት ባትሪዎችን እመርጣለሁ፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ቻርጅ ይደረጋል፣ እጅዎም ቀኑን ሙሉ ከባድ ባትሪ አይሸከምም።

ኢምፓክትን በተመለከተ ጓደኞችዎ ጥሩ መሣሪያ ቢመክሩዎትም ቅደም ተከተሉን አዛብተውታል። ኢምፓክት ከ140 እስከ 180 ኒውተን ሜትር የሚደርስ ኃይሉን እየመታ ስለሚሰጥ ረጅም ቪቲ በአልጋ እግር ውስጥ ሲያስገባ የእጅ አንጓን አይጠመዝዝም። ይሁን እንጂ አብዛኛው ኢምፓክት ያ ባለ ቁጥር ቀለበት የለውም፤ የሚይዘውም ባለ ስድስት ማዕዘን፣ 6.35 ሚሊ ሜትር እግር ያለውን ቢት (ቪቲ የሚያዞረውን ጫፍ) ብቻ ነው፤ ድምፁም የጆሮ መከላከያ የሚያስፈልገው ነው። መጀመሪያ ድሪሉን ይግዙ፤ ኢምፓክቱን ሥራው ሲጠይቅ ባትሪ ሳይኖረው ለብቻው ይገዙታል። ይህ የሚሆነው ግን ሁለቱ አንድ ዓይነት ባትሪ የሚጋሩ ከሆነ ነው። የአንዱ ኩባንያ ባትሪ በአብዛኛው ለሌላው አይሆንም፤ በአንድ ኩባንያ ውስጥ እንኳ የቦሽ ሰማያዊው የባለሙያ 18 ቮልት ባትሪ ለአረንጓዴው የቤት መሣሪያ አያገለግልም። ስለዚህ ባትሪውን ለብቻው አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጥ ሱቅ መኖሩን ሳያረጋግጡ ድሪሉን አይግዙ።

የወንድምዎ ስጦታ ችግሩ ቻርጀሩ ላይ ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ቮልት ሲሆን፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ የድሪል ቻርጀር በአብዛኛው 120 ቮልት ብቻ ነው የሚቀበለው። በሶኬት መለወጫ ብቻ ከእኛ ግድግዳ ላይ ቢሰኩት ይቃጠላል፤ መለወጫው የሚቀይረው የሶኬቱን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይደለምና። ድሪሉና ባትሪው ግን ያለ ችግር ይሠራሉ። ስለዚህ ለዚያው ባትሪ የተሠራ የ220 ቮልት ቻርጀር እዚህ፣ ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ ማግኘት እንደሚችሉ አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ካልተገኘ ከቻርጀሩ ዋት ከፍ ያለ አቅም ያለው፣ 220ን ወደ 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልግዎታል። ለጉዞውም ወንድምዎ ትርፍ ባትሪዎቹን ጫፋቸውን ሸፍነው በእጅ ሻንጣ፣ ድሪሉን ደግሞ በሚጫነው ሻንጣ ማድረግ አለባቸው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ባትሪ በተለምዶ ያልፋል፤ ባለ 6 አምፒር ሰዓቱ ግን 108 ስለሚሆን አስቀድሞ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ በትርፍ ጊዜዬ መደርደሪያና አነስተኛ ጠረጴዛ እሠራለሁ። ጥሩ ድሪል ብገዛም ቢቱ እየዘለለ የቪቲውን አናት ያበላሽብኛል። ድሪሉ ጉልበት በዝቶበት ይሆን?

አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ድሪሉን ከመውቀስዎ በፊት ቢቱንና ቪቲውን ጎን ለጎን ይመልከቱ። መስቀል የሚመስለው አናት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፊሊፕስ የሚባለው ተራ መስቀል ነው፤ ሁለተኛው ፖዚድራይቭ በመስቀሉ ክንዶች መካከል አራት ቀጫጭን መስመሮች አሉት። የቺፕውድ ቪቲዎች በአብዛኛው ሁለተኛው ዓይነት ሲሆኑ፣ በየቤቱ ያለው ቢት ግን ፊሊፕስ ነው፤ ሁለቱ የሚገጣጠሙ ይመስላሉ፣ ኃይል ሲያርፍባቸው ግን ይንሸራተታሉ። ከ3.5 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ላለው ቪቲ ቁጥር 2 ፖዚድራይቭ ቢት ይግዙ፤ በአንደኛው ማርሽ ድሪሉን ቀጥ አድርገው ከኋላው ገፋ እያደረጉ ያጥብቁ።

እንጨቱ ጠንካራ ከሆነ አስቀድመው ይብሱት፤ ለ4 ሚሊ ሜትር ቪቲ በጠንካራ እንጨት 3፣ በለስላሳ ደግሞ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይበቃል። በነገራችን ላይ ጥቁሩ የጂብሰም ቪቲ ርካሽ ስለሆነ ብዙዎች ለእንጨትም ይጠቀሙበታል፤ ነገር ግን ብረቱ ደረቅ ስለሆነ ሸክም ሲያርፍበት ሳይጎብጥ ነው የሚሰበረው። መጽሐፍ ለሚሸከም መደርደሪያ እኔ አላስገባውም።

ጥያቄ፦ የምሠራው ሰመራ ነው። የድሪል ባትሪዬ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ደከመ። ሙቀቱ ነው ወይስ አያያዜ?

አንባቢ፣ ከሰመራ

መልስ፦ ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ። ሊቲየም ባትሪን ቶሎ የሚያስረጀው ሙቀት፣ በተለይም ሞልቶ በሙቀት ውስጥ መቀመጥ ነው። አምራቾች በአብዛኛው ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ቻርጅ እንዳይደረግ ይመክራሉ፤ ቀን በቆርቆሮ ሥር ያለ ሥራ ቤት ደግሞ ከዚህ በላይ ይሞቃል። ስለዚህ ማታ ወይም ማለዳ ቻርጅ ያድርጉ፤ ከሥራ ትኩስ ሆኖ የወጣውን ባትሪም በጥላ እስኪበርድ ይጠብቁት። ለወራት የማይጠቀሙበት ከሆነ ግማሽ ያህል ቻርጅ እንዳለው ከመሣሪያው ነቅለው ያስቀምጡ፤ ጨርሶ ባዶ ሆኖ የቆየ ባትሪን ብዙ ቻርጀሮች አይቀበሉትም።