«ኢንሹራንሳችን 18 ወር ይቀጥላል» ላሉኝ ጋሼ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 66 ነው። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በአንድ ትልቅ ሆቴል 22 ዓመት ሠርቼ ሜይ 31 ቀን 2025 ጡረታ ወጣሁ። የመሥሪያ ቤቱ ኢንሹራንስ 18 ወር ስለሚቀጥልልን ለጊዜው አናስብም። ለሁለታችን በወር 1,580 ዶላር እንከፍላለን። ባለቤቴ 61 ዓመቷ ነው፤ ቤት ውስጥ የሰው ልጆች ትጠብቃለች። ለገና አዲስ አበባ ገብተን በፌብሩዋሪ መጨረሻ እንመለሳለን። ወደፊትም ዓመቱን ግማሹን እዚያ፣ ግማሹን እዚህ ለመኖር አስበናል። ለጤና ኢንሹራንስ በወር ስንት ብንመድብ ይበቃናል?»

መልስ፦ ጋሼ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። 22 ዓመት የሆቴል ሥራ ቀላል አይደለም።

የጠየቁኝ ስለ ገንዘብ ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ያልጻፉት ነገር ነው። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ሜዲኬር» (65 ዓመት ለሞላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። 66 ዓመት ሞልቶዎት! አይቀየሙኝና፣ ቲኬቱን ከመቁረጥዎ በፊት መጻፍ የነበረብዎት ስለዚህ ነበር።

ያ 18 ወር የሚቀጥለው ኢንሹራንስ ኮብራ ይባላል። ሥራ ያቆመ ሰው ቀድሞ አሠሪው ይከፍልለት የነበረውን ጨምሮ ሙሉውን ዋጋ፣ ላዩ ላይ እስከ 2 በመቶ ተጨምሮበት፣ ከኪሱ እየከፈለ የሚቀጥለው ነው። ካርዱ አልተቀየረም፣ ሐኪሙም ያው ነው። ስለዚህ ሰው «ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ ይተኛል። ቢሮዬ ከሚመጡ ጡረተኞች ብዙዎቹ የሚወድቁት እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ነው። የተማረም ያልተማረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው 65 ሲሞላው ሥራ ላይ ከሆነና የአሠሪው ኢንሹራንስ ካለው፣ የሜዲኬርን ፓርት ቢ (የሐኪምና የምርመራ ክፍሉን) ማቆየት ይችላል። ቅጣት የለበትም። ሥራው ሲያበቃ ግን የ8 ወር ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። ኮብራ ይህን ሰዓት አያቆመውም። ሕጉ የሚያየው «አሁን እየሠራ ያለ ሰው ኢንሹራንስ» ነው፤ ኮብራ ደግሞ የቀድሞ ሠራተኛ ኢንሹራንስ ነው። የእርስዎ ሰዓት የጀመረው በጁን ነው። የሚያበቃው ጃንዋሪ 31 ቀን 2026 ነው። ያን ዕለት እርስዎ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ቡና እየጠጡ ነው።

እርግጥ ሁለተኛ በር አለ። በየዓመቱ ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 አጠቃላይ ምዝገባ ይከፈታል። በፌብሩዋሪ ተመልሰው ወዲያው ቢመዘገቡ ከቅጣቱ ያመልጣሉ። እኔን የሚያስፈራኝ «18 ወሩ ይለቅና» ብለው መቀመጥዎ ነው። ኮብራው በኖቬምበር 2026 ያልቃል። ያኔ ለሜዲኬር ቢሄዱ እስከ ጃንዋሪ 2027 ይጠብቁ ይባላሉ፤ ሽፋኑ የሚጀምረው በፌብሩዋሪ ነው። በመሃል ሁለት ወር ባዶ እጅዎን ነዎት። ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር መዘግየት ደግሞ የፓርት ቢ ክፍያ 10 በመቶ ይጨምራል። አንዴ ከተጨመረ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ነው።

ከቅጣቱ የሚብስም አለ። 65 ያለፈው ጡረተኛ ላይ ኮብራ ሁለተኛ ከፋይ ነው። መጀመሪያ መክፈል ያለበት ሜዲኬር ነው። ስለዚህ ብዙ የኮብራ ፕላኖች «ፓርት ቢ ቢኖርህ ሜዲኬር ይከፍል የነበረውን እኛ አንከፍልም» የሚል አንቀጽ አላቸው። እግዜር አያድርገውና ነገ ሆስፒታል ቢገቡ፣ በወር 1,580 ዶላር እየከፈሉም የሐኪሙ ሂሳብ አብዛኛው እርስዎ ላይ ሊያርፍ ይችላል። የፕላኑን ሙሉ ሰነድ ከኤች አር (ከመሥሪያ ቤቱ የሠራተኞች ጉዳይ ክፍል) ያስልኩ። በራሪ ወረቀቱን ሳይሆን ሙሉውን። ለሚገባው ሰው ያሳዩት።

ስለዚህ ከመብረርዎ በፊት ለሜዲኬር የሚመዘገቡበት ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ይሂዱ። ሁለት ፎርም ያስፈልጋል፦ ሲኤምኤስ 40 ቢ እና ሲኤምኤስ ኤል 564። ሁለተኛውን የቀድሞ አሠሪዎ ይሞላዋል። ኤች አሮች ይህን ወረቀት ሳምንታት ያስተኙታል፤ ዛሬውኑ ይጠይቁ። ኮፒ ይያዙ። አስተርጓሚ ቢፈልጉ ቢሮው በነጻ ያቀርባል፤ የጎረቤት ልጅ ይዞ መሄድ አያስፈልግም። በዲሴምበር ከተመዘገቡ ጃንዋሪ 1 ይጀምርልዎታል። ምዝገባው ሳይረጋገጥ ግን ኮብራውን እንዳይሰርዙ።

አሁን ባለቤትዎ። ስለ እርሳቸው የጻፉት አንድ መስመር ብቻ ነው። ሜዲኬር የቤተሰብ ካርድ አይደለም፤ እርስዎ ሲገቡ እርሳቸው አብረው አይገቡም። ገና አራት ዓመት ይቀራቸዋል። የሆስፒታሉ ክፍል ፓርት ኤ በ65 ዓመት በነጻ የሚገኘው 40 የሥራ ነጥብ፣ ማለትም የ10 ዓመት ገደማ የሥራ ግብር ላለው ነው። ልጅ የሚጠብቁት በጥሬ ገንዘብ ነው? ግብር ተከፍሎበታል? አልነገሩኝም። የእርሳቸው ባይሞላም በእርስዎ ነጥብ ማግኘት ይችላሉ። ዜጋ ይሁኑ ግሪን ካርድ ያላቸው ግን ልዩነት ስላለው የሕግ ባለሙያ ይየው።

አንድ ኤች አር የማይነግርዎት ነገር ልጨምር። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ቀለም ያለው የሜዲኬር ካርድ ቤትዎ መሳቢያ ውስጥ አለ? ካለ ፓርት ኤ የጀመረበትን ቀን ይመልከቱ። ሥራ ካቆሙበት በፊት ባሉት 18 ወራት ውስጥ ከሆነ፣ የባለቤትዎ ኮብራ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን አንስቶ እስከ 36 ወር ነው። ለምሳሌ ኦገስት 1 ቀን 2024 ቢል፣ እርሳቸው እስከ ጁላይ 2027 መጨረሻ ይቆያሉ። ስምንት ወር ትርፍ ነው። ጥያቄውን ለፕላኑ አስተዳዳሪ በጽሑፍ ያቅርቡ። የስልክ ቃል ማስረጃ አይሆንም። ኮብራው ከከበዳቸው የሜሪላንድን የኢንሹራንስ ገበያ ዋጋ ያስጠይቁ፤ ምዝገባው ከኖቬምበር 1 ጀምሮ ነው፣ ድጎማውም በገቢያችሁ ይወሰናል።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። በ2026 የፓርት ቢ መደበኛ ክፍያ በወር 202.90 ዶላር ነው። በዓመት የመጀመሪያው 283 ዶላር የእርስዎ ነው። ከዚያ በኋላ 20 በመቶው የእርስዎ ነው፤ ጣሪያ የለውም። ለዚህ ነው ሰው ሜዲጋፕ (ሜዲኬር የማይከፍለውን የሚሞላ የግል ኢንሹራንስ) የሚገዛው። ፓርት ቢ በጀመረ በ6 ወር ውስጥ ከገዙት ስለ ስኳርም ስለ ደም ግፊትም ብለው ሊከለክሉዎት አይችሉም። ለመድኃኒት ፓርት ዲ ይጨምሩ። በቅርቡ የሸጡት ቤት ወይም መሬት ካለ ግን ይንገሩኝ። የ2026 ክፍያ የሚታየው በ2024 የግብር ወረቀት ነው፤ ለባልና ሚስት ከ218,000 ዶላር ካለፈ ይጨምራል።

አዲስ አበባን በተመለከተ፣ ሜዲኬር እዚያ አይከፍልም። አንዳንድ ሜዲጋፖች ከጉዞው የመጀመሪያ 60 ቀናት ውስጥ ለሚጀምር ድንገተኛ ሕመም፣ 250 ዶላር ከከፈሉ በኋላ 80 በመቶ ይሸፍናሉ። ጣሪያው በዕድሜ ልክ 50,000 ዶላር ነው። ለስድስት ወር ኑሮ ይህ አይበቃም፤ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ለብቻው ያስቀምጡ። ሜዲኬር አድቫንቴጅ (በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጥ የሜዲኬር ፕላን) የሚሸጥልዎት ሰው ከመጣ ደግሞ፣ ከአካባቢው ከስድስት ወር በላይ የራቀ ሰው ከፕላኑ ሊሰረዝ እንደሚችል ይጠይቁት። «ለማልኖርበት አገር ለምን ልክፈል» ብለው ፓርት ቢን እንዳያቋርጡም አደራ። ሲመለሱ ያው የቅጣት ሰዓት ይጠብቅዎታል።

ይህ የጻፍኩት ለደብዳቤዎ እንጂ ለፋይልዎ አይደለም። ሰነዱን ሳላይ የመጨረሻ ቃል መስጠት አልችልም። ሜሪላንድ ውስጥ ሺፕ የሚባል ነጻ የሜዲኬር አማካሪ አገልግሎት አለ፤ ቀጠሮ ይያዙ። ሲሄዱ የኮብራውን ደብዳቤ፣ የመጨረሻውን የደመወዝ ወረቀት፣ የ2024 ግብርዎን፣ የጋብቻ ወረቀቱንና ያቺን የሜዲኬር ካርድ ይያዙ። ካርዷ ከሌለች ደግሞ ጭራሽ ፓርት ኤም አልተመዘገቡም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ሲሄዱ ሁለቱንም በአንድ ቀን ይጨርሱት።