«አክስትሽ ናት» ያልናት ወላጅ እናቷን ነው፦ ከአንባቢያን ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ልጅ ስላልወለድን፣ ከመንዝ መጥታ ሰው ቤት ትሠራ ከነበረች ወጣት ሴት ልጇን ገና በአራስነቷ በጉዲፈቻ ተቀብለን፣ ውሉም በፍርድ ቤት ጸድቆልን እያሳደግናት ነው። ወላጅ እናቷ ከዚያ በኋላ ወደ መሐል ሜዳ ተመልሳ ትዳር ይዛለች፤ ለመስቀልና ለፋሲካ ሰሞን እየመጣች ልጅቷን ታያለች። እኛም ለልጅቷ «አክስትሽ ናት» ብለን ነግረናታል። አሁን 6 ዓመት ሞልቷት ትምህርት ቤት ልትገባ በመሆኑ፣ አማቴ «ነገሩ ሳይወጣ የሴትዮዋ መምጣት ይቁም፤ ኋላ ልጅቷን ይዛት ትሄዳለች» ይላሉ። ባለቤቴ ደግሞ ልጇን ከሰጠችን ሰው መቆራረጥ ነውር ነው ባይ ነው። ለእኛም ለልጃችንም የሚጠቅም ንባብ ብትጠቁሙንና፣ እውነቱን መቼና እንዴት እንደምንነግራት ብትመክሩን። (የአንዲት ልጅ እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድመው እንዲያነቡት የምንመክርዎ ጽሑፍ ያለው በቤትዎ ውስጥ ነው። ፍርድ ቤቱ ጉዲፈቻውን ያጸደቀበትን ውሳኔ ከሣጥን አውጥተው፣ ከባለቤትዎና ከአማትዎ ጋር ተቀምጣችሁ በዝግታ አንብቡት። ከእርሱ ቀጥሎ የሚነበበው የቤተሰብ ሕጉ ነው። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ስለ ጉዲፈቻ የሚደነግገው ከአንቀጽ 180 ጀምሮ ነው፤ በሰሜን ሸዋ ያሉት ፍርድ ቤቶች የሚሠሩበት ደግሞ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ስለሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። ክፍሉ አጭር ነው፤ በአንድ ምሽት ተነብቦ ያልቃል።

አማትዎ «ይዛት ትሄዳለች» ብለው ለሚሰጉት ነገር መልሱ እዚያው ውስጥ አለ። በፌዴራሉ ሕግ መሠረት የጉዲፈቻ ልጅ በማናቸውም ረገድ የአሳዳጊዎቹ ልጅ ሆኖ ይቆጠራል፤ ጉዲፈቻውም ወላጅ ሐሳቡን ስለለወጠ አይፈርስም። ፍርድ ቤት ሊያፈርሰው የሚችለው፣ በአንቀጽ 195 እንደተመለከተው፣ አሳዳጊው ልጁን እንደ ልጁ መንከባከቡን ትቶ እንደ ባሪያ ሲይዘው፣ ለገዛ ጥቅሙ ሲል ከመልካም ሥነ ምግባር ውጭ ለሆነ ተግባር ሲያሰማራው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ በሌላ አኳኋን ሲይዘው ነው። እናንተ ልጃችሁን እንደ ዓይናችሁ ብሌን ስለምታዩአት፣ ከዚህ ወገን የሚመጣ ሥጋት የለባችሁም።

ይኸው ሕግ በአንቀጽ 183 የሚናገረውን ግን አማትዎም ቢሰሙት ደግ ነው። የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር እንደተጠበቀ ይቆያል፤ ከሁለቱ ቤተሰቦች አንዱን መምረጥ ግድ በሚሆንበት ጊዜ ብቻ የአሳዳጊው ቤተሰብ ይቀድማል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ሕፃናት ወላጆቻቸውን የማወቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። ስለዚህ ወላጅ እናቷ ለመስቀል መጥታ ልጅቷን ማየቷ የሕጉን መንፈስ የተከተለ ነገር ነው። በነባሩ ልማዳችንም ቢሆን የጡት ልጅነት የሚታሰረው በሽማግሌዎችና በምስክሮች ፊት ነበር እንጂ በስውር አልነበረም።

ከሌላ አገር የተገኘውን ልምድም ለአማትዎ ሊነግሯቸው ይችላሉ። በአሜሪካ ሃሮልድ ግሮትቫንትና ሩት ማክሮይ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ወላጅና አሳዳጊ ጨርሶ የማይተዋወቁባቸውን፣ በመካከለኛ ብቻ የሚገናኙባቸውንና በግልጽ የሚጠያየቁባቸውን ጉዲፈቻዎች ለረጅም ዓመታት ተከታትለው አነጻጽረዋል። «ወላጅ እናቷ መጥታ ትወስድብኛለች» የሚለው ፍርሃት የቀነሰው ከወላጅ እናት ጋር በሚገናኙት አሳዳጊዎች ዘንድ ነበር። ሰው የሚያውቀውን፣ ቡና አብሮ የጠጣውን ሰው ያን ያህል አይፈራም። ልጆቹም ቢሆኑ ወላጅ እናታቸውን በማወቃቸው ምክንያት አሳዳጊ እናታቸው ማን እንደሆነች አልተደናገሩም።

«አክስትሽ ናት» የሚለው አነጋገር ግን መቅረት አለበት፤ በዚህ ላይ ሐሳባችን ቁርጥ ነው። ለልጅቷ ደግ አስባችሁ ያደረጋችሁት መሆኑን እንረዳለን፤ ይሁንና ልጅቷ እውነቱን ከእናንተ አፍ ካልሰማች ከጎረቤት ልጅ፣ በጠብ መካከል፣ እንደ ስድብ ተወርውሮባት የምትሰማው ይሆናል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2010 ዓ.ም. ልጆች ለውጭ አገር ዜጎች በጉዲፈቻ መሰጠታቸውን ከከለከለ ወዲህ፣ ለጉዲፈቻ የሚሰጥ ልጅ የሚያድገው እዚሁ በአገሩ፣ ብዙ ጊዜም ወላጆቹ ካሉበት በአንድ ቀን ተሳፍረው በሚደርሱበት ቦታ ነው። በደብረ ብርሃን ገበያ የመንዝ ሰው፣ የተጉለት ሰው፣ የቡልጋ ሰው ሁሉ ይገናኛል፤ በእንዲህ ያለ አገር ምሥጢሩ እንደተሸሸገ ይቆያል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ሌላም ከዚህ የሚከብድ ነገር አለ። በእኛ ዘንድ ሰው ሊጋባ ሲል እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ልጃችሁ ነገ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ ከመንዝ የመጣ ጎረምሳ ቢወድዳት፣ ዘሯን የሚቆጥርላት ማን ነው? ወላጅ እናቷን በአክስትነት ብቻ የምታውቅ ልጅ የአባቷን ወገን በየት በኩል ታገኘዋለች? የእናቷንም የአባቷንም አያት ቅድመ አያት ስም፣ የትውልድ ቀያቸውን ጭምር፣ ወላጅ እናቷ በሕይወት እያለች ጠይቆ መጻፍ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

ይሁንና ለልጅቷ ከመናገራችሁ በፊት ለወላጅ እናቷ ንገሯት። ያገባት ሰው ይህን ታሪክ ያውቃል ወይ? ካላወቀ፣ የእናንተ እውነት መናገር የእርሷን ትዳር ሊበጠብጠው ይችላል። በሚቀጥለው ስትመጣ ልጅቷ በሌለችበት ሰዓት ቡና አፍልታችሁ አነጋግሯት፤ ምን እንደምትነግሯት፣ ልጅቷ እርሷን ምን ብላ እንደምትጠራትም ተስማሙ። ይህን ንግግር አማትዎ ቢገኙበት መልካም ነው፤ ሴትዮዋን ከሥጋታቸው ውጭ፣ እንደ ሰው ያዩአታልና።

አነጋገሩ እንደሚከተለው ቀላል ሊሆን ይችላል፦ «እኔ እናትሽ ነኝ፤ አባትሽም አባትሽ ነው። በሆዷ ተሸክማ የወለደችሽ ግን በየመስቀሉ የምትመጣው እንግዳችን ናት። አንቺን ስትወልድ ብቻዋን ነበረች፤ የምታሳድግበት አቅም ስላልነበራት እኛን ለመነችን፣ እኛም በደስታ ተቀበልንሽ። እስከ ዛሬ አክስትሽ ናት ስንልሽ የቆየነው ትልቅ እስክትሆኚ ብለን ነው። የሰጠችን አንቺ ምንም ስላጠፋሽ አይደለም።» የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ፈጽሞ እንዳትተዉአት። ልጆች የደረሰባቸውን ነገር ሁሉ በራሳቸው ጥፋት የመጣ አድርገው ያስባሉና።

አንድ ጊዜ ነግረናታል ብላችሁም አትተዉት። የ6 ዓመት ልጅ ታሪኩን እንደ ተረት ደግማ ልትነግራችሁ ትችላለች እንጂ ትርጉሙ ገና አልገባትም። ወደ 7ና 8 ዓመት ስትጠጋ፣ መሰጠት ማለት ከአንድ ሰው መለየትም እንደሆነ ይገባታል፤ ያን ጊዜ ያለ ምክንያት የምታለቅስ፣ የምትቆጣ፣ ወይም «ለምን እኔን?» የምትል ከሆነ ነገሩ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። እንዲህ ያለው ኀዘን የሚጠበቅ ነው።

ለልጅቷ የሚሆነውን ንባብ በተመለከተ፣ ከማንኛውም የታተመ መጽሐፍ የምናስበልጠው እናንተው የምታዘጋጁትን ደብተር ነው። ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ግዙ። በመጀመሪያው ገጽ የተወለደችበት ቀንና ቦታ ይጻፍ፤ በቀጣዩ በተወለደች በ80 ቀኗ ክርስትና የተነሣችበት ቤተ ክርስቲያን፣ የክርስትና ስሟና የክርስትና እናቷ። ወላጅ እናቷ መጻፍ የምትችል ከሆነ በገዛ እጇ አንድ ገጽ ትጻፍ፤ ካልቻለች እርሷ ስትናገር እርስዎ ይጻፉላትና ጣቷን ታሳርፍበት። የመሐል ሜዳው ቤታቸው ፎቶግራፍ ይለጠፍ፤ በአራስነቷ የተጠቀለለችበት ባና ካለ ከጫፉ ጥቂት ተቆርጦ ይሰፋበት። ልጅቷ በዳሰሰችው ቁጥር ታሪኩን ትጠይቃለች፤ እናንተም በጠየቀችው ቁጥር ታነቡላታላችሁ።

በቤታችሁ መጽሐፍ ቅዱስ ካለ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 2ን አብራችሁ አንብቡላት። ሙሴን የወለደችው እናቱ ናት፤ በፈርዖን ልጅ እጅ ሲወድቅም ያጠባችው እርሷው ናት፤ ካደገ በኋላ ለፈርዖን ልጅ ሰጠቻት፣ ልጅም ሆነላት። ሙሴ ግን ወገኖቹን ሳያውቅ አልቀረም፤ ጎልምሶ ወደ እነርሱ ወጣ። ሁለቱም ሴቶች በታሪኩ ውስጥ ስፍራ አላቸው። በአንጻሩ፣ እንጀራ እናት ጨካኝ ሆና የምትቀርብባቸውን ተረቶች ለጊዜው ብትተዉአቸው ጥሩ ነው፤ ልጅቷ ተረቱን ከራሷ ሕይወት ጋር እያገናኘች መስማቷ አይቀርም።

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ልጅ ሳለሁ የወለድሁትን ወንድ ልጅ፣ አባቱ ስለሞተና ረዳት ስላልነበረኝ፣ በጉዲፈቻ ሰጠሁ። አሳዳጊዎቹ አዲስ አበባ ይኖራሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፎቶውን በቴሌግራም ይልኩልኝ ነበር፤ ሁለት ጊዜም ቤታቸው ሄጄ አይቼዋለሁ። ሳየው ግን ማልቀስ ስለማልተው ቅር አላቸው መሰለኝ፣ ከአምና ወዲህ ስደውልም አያነሱም። እናቴ «የሰጡትን ይረሱታል፤ እርሺው» ትለኛለች። እኔ አልረሳሁትም። መብት አለኝ ወይ? ምን ባደርግ፣ ምንስ ባነብ ይሻለኛል? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ እኅታችን፣ ልጅሽን ያልረሳሽው እናቱ ስለሆንሽ ነው፤ እናትሽ «እርሺው» ያሉሽም ስቃይሽን ማየት ከብዷቸው ይሆናል። ማንም ቢሆን እርሺ ስላሉት አይረሳም።

ስለ መብትሽ የምንነግርሽ ሁለት ፊት ያለው ነገር ነው። ከላይ ለደብረ ብርሃኗ ጠያቂያችን እንደገለጽነው፣ ሕጉ በአንቀጽ 183 በልጅሽና በአንቺ ወገን መካከል ያለው ትስስር እንደማይቋረጥ ይደነግጋል። ግጭት ሲነሣ ግን የሚቀድመው የአሳዳጊዎቹ ቤተሰብ ነው፤ በዓመት ስንት ጊዜ ታይዋለሽ የሚል ቁጥርም በሕጉ የለም። ስለዚህ በእናንተ መካከል የተጻፈ ስምምነት ያስፈልጋል። በአሜሪካ አንዳንድ ግዛቶች ወላጅና አሳዳጊ ስለ መገናኘት የሚዋዋሉትን ፍርድ ቤት ካጸደቀው ተፈጻሚ ይሆናል፤ አንዱ ወገን ቢጥሰው ግን ጉዲፈቻው በዚህ ምክንያት አይፈርስም። የአንቺም ስምምነት በዚሁ መንፈስ ቢሆን እንወዳለን፤ አሳዳጊዎቹ «ልጁን ልታስመልስ ነው» ብለው ከሚሰጉበት ይልቅ፣ ልጃቸው መሆኑን አምነሽ እንደምትቀበዪ አንብበው የሚያረጋግጡበት ይሁን።

ስልክ እየደወልሽ መልስ ካላገኘሽ ደብዳቤ ጻፊላቸው። አጭር ይሁን፤ ወቀሳ አይግባበት። «ልጄን ላስመልስ አልመጣም፤ ደኅንነቱን ማወቅ ብቻ እሻለሁ። ለገና ሰሞን አንድ ፎቶ፣ ለአዲስ ዓመት አንድ ደብዳቤ ብትልኩልኝ ይበቃኛል» ብትዪ በቂ ነው። ጥቂት መጠየቅሽ ቃላቸውን ለመጠበቅ ያቀልላቸዋል፤ ከጊዜ በኋላ ሊሰፋ ይችላል። ደብዳቤውንም ሁለቱም ወገን የሚያከብረው ሰው፣ ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት፣ ቢያደርስልሽ መልካም ነው።

ስለ ገንዘብም አንድ ነገር እንበልሽ። ችግር ቢኖርብሽ እንኳ ከአሳዳጊዎቹ ገንዘብ አትጠይቂ፤ እነርሱም ሊሰጡሽ ቢፈልጉ ከመገናኘታችሁ ጋር እንዳይያያዝ አድርጊ። ልጅሽ አድጎ «ስለ እኔ ምን ተቀበለች?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ምንም የሚል መልስ ማግኘቱ ለእርሱም ለአንቺም ይጠቅማል።

ማልቀስሽን በተመለከተ፣ ልጁ እንባሽን ማየቱ ክፉ አይደለም፤ ምክንያቱ ያልተነገረው እንባ ግን ያስፈራዋል። «የማለቅሰው ስለናፈቅሁህ ነው፤ አንተ ደኅና መሆንህን ሳይ ደግሞ ደስ ይለኛል» በዪው። «አንድ ቀን እወስድሃለሁ» የሚል ቃል ግን ከአፍሽ አይውጣ፤ ልጁን በገዛ ቤቱ እንግዳ ያደርገዋል፣ አሳዳጊዎቹንም በሩን ያስዘጋቸዋል። ሄደሽ ከማየትሽ በፊት ኀዘንሽን ለምታምኛት ሴት አውርተሽው ሂጂ።

ስለ ንባብ ለጠየቅሽን፣ አንቺ የምትጽፊውን ነገር እናስቀድማለን። በየዓመቱ በልደቱ ቀን ለልጅሽ አንድ ደብዳቤ ጻፊና አስቀምጪ። አባቱ ማን እንደነበር፣ መልኩ ምን ይመስል እንደነበር፣ በምን እንደሞተ፣ በወገናችሁ የሚተላለፍ በሽታ ካለ ያንንም ጻፊለት፤ ሐኪም የሚጠይቀው ይህን ነውና። የሁለታችሁንም ወገን እስከ ሰባት ቤት ቁጠሪለት። ለምን እንደሰጠሽውም ራስሽን ሳታከብጂ ሳታቃልዪ፣ እንደነበረው ጻፊው። አሳዳጊዎቹ ዛሬ ባይቀበሉሽ እንኳ ደብዳቤዎቹ ይቆዩታል፤ የት እንዳሉም የምታምኚው አንድ ሰው ይወቅ።

ደብዳቤሽ መልስ ካላገኘ፣ በወረዳችሁ የሚገኘውን የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አነጋግሪ። ስትሄጂ ጉዲፈቻው የጸደቀበትን የፍርድ ቤት ውሳኔ ግልባጭ፣ መታወቂያሽንና የላክሽውን ደብዳቤ ቅጂ ይዘሽ ሂጂ፤ የውሳኔው ግልባጭ ከሌለሽ ጉዳዩን ካየው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በመዝገብ ቁጥሩ ወይም በልጁና በአሳዳጊዎቹ ስም ማመልከት ትችያለሽ።