ጀርመን አገር «ዝም አይነቅዝም» አይሠራም

ልጆቼ፣ ጀርመን ልትመጡ ስትሉ ሁሉም ሰው በብርዱ ያስፈራራችኋል። ብርዱ ወፍራም ጃኬት ገዝቶ የሚገላገሉት ነገር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከቤት ይዛችሁት የምትመጡት ዝምታ ነው። እኛ ስናድግ ዝምተኛ ልጅ ጨዋ ይባላል፤ «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ነው ያደግነው። እዚህ ግን ዝም ያለ ሰው ብዙ ጊዜ እንደተስማማ ነው የሚቆጠረው። ፍራንክፈርት ውስጥ በሒሳብ ሙያ ስሠራ ካየሁት የልጆቻችን ጣጣ አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከፖስታ ሳጥን ልጀምር። ሕንፃው ቁጥር ቢኖረውም፣ ውስጡ ያለው አፓርታማ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ቁጥር የለውም። ፖስተኛው የሚያየው ሳጥኑና ደወሉ ላይ ያለውን ስም ነው። ቤት በገባችሁበት ቀን ስማችሁን ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ለጥፉ። አድራሻችሁንም በሁለት ሳምንት ውስጥ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። (በአባታችሁ ስም መጠራትንም ልመዱት። መጀመሪያ አካባቢ ቢሮ ውስጥ «ሄር» (አቶ ማለት ነው) ብለው በአባቴ ስም ሲጠሩኝ አባቴ ከኋላዬ የቆመ ይመስለኝ ነበር።)

ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ይዘንባል። ጀርመንኛው ሲከብድ መሳቢያ ውስጥ መክተት ይመጣል። አንድ ተማሪ ፌስታል ሙሉ ያልተከፈተ ፖስታ ይዞ ቤቴ መጣ። ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍነው። አብዛኛው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ክፍያ ነበር፤ ቅጣቱ በላይ በላዩ ተደራርቧል። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ቴሌቪዥን የለኝም» አለኝ። ክፍያው በቤት ነው እንጂ በቴሌቪዥን አይደለም፤ እንደ ፈረንጆቹ ከነሐሴ 2021 ጀምሮ በወር 18.36 ዩሮ ገብቷል። የሚያናድደው ደግሞ ልጁ ብቻውን እየኖረ ባፎግ የሚባለውን የመንግሥት የትምህርት ድጎማ ያገኝ ነበር። እንደ እሱ ያለ ተማሪ ካመለከተ ከክፍያው ነፃ ነው። ካላመለከተ ግን ማንም አያስታውሰውም።

ከሥር አንድ ቢጫ ፖስታ ወጣ። ቢጫ ፖስታ ካያችሁ የያዛችሁትን አስቀምጡና ክፈቱት። ከፍርድ ቤት ወይም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የሚመጣው። ሳጥናችሁ ውስጥ ከገባ፣ ከፈታችሁትም አልከፈታችሁት፣ ደርሷችኋል ይባላል። የፍርድ ቤት የዕዳ ክፍያ ማዘዣ ከሆነ ደግሞ፣ «ይህ ዕዳ የእኔ አይደለም» ለማለት ያላችሁ ጊዜ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው።

ግብርም እንደዚያው ነው። «ትርፍ ቆርጠንባችኋል፣ እንካችሁ» ብሎ የሚደውል የለም። ተማሪ ሆናችሁ ስትሠሩ ከደመወዛችሁ ግብር ከተቆረጠ ጠይቁ። የማሳወቅ ግዴታ የሌለበት ተቀጣሪ እንኳ እስከ 4 ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ማመልከት ይችላል። ብዙ ልጆች ገንዘባቸውን ትተው ሲሄዱ አይቻለሁ።

ስትታመሙ ሥራ ከመግቢያ ሰዓት በፊት ደውሉ። «ነገ ይሻለኛል» ብሎ ጠፍቶ መዋል ከሥራ ሊያስባርር ይችላል። ሕመሙ ከሦስት ቀን ካለፈ የሐኪም ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ አሠሪ በመጀመሪያው ቀንም ይጠይቃል።

የምግቡ ነገር ያስቀኛል። ጀርመን ጓደኛችሁ ቤት ሄዳችሁ «ትበላለህ?» ስትባሉ እንደ አገራችን «አይ፣ ጠግቤያለሁ» ትላላችሁ። እሷም «እሺ» ብላ ሳህኑን ታነሳዋለች። በሞቴ የለ፣ አፈር ስሆን የለ። ንቀት እንዳይመስላችሁ። ቃላችሁን አምና ነው። ከራባችሁ በመጀመሪያው ጥያቄ «አዎ» በሉ።

ቡናችሁን ግን አትተዉ። ቤት ውስጥ ጣሪያው ላይ የጭስ ማስጠንቀቂያ እንዲኖር ሕጉ ያስገድዳል፤ ቡና ስትቆሉና ዕጣን ስታጨሱ ጩኸቱን ሊለቀው ይችላል። ባትሪውን እንዳትነቅሉ! መስኮቱን ወለል አድርጋችሁ ለአምስት፣ ለአሥር ደቂቃ ክፈቱት፤ በበረዶም ቢሆን። ገርበብ አድርጎ መተው አይጠቅምም። በተለይ እንጀራ ስትጋግሩ እንፋሎቱ ግድግዳው ላይ ይቀርና ሻጋታ ያወጣል። ከአከራይ ጋር የሚያጣላው እሱ ነው።

ሰው ከጠራችሁ ከጥቂት ቀን በፊት ደረጃው መግቢያ ላይ ወረቀት ለጥፉ፤ «ቅዳሜ እንግዳ አለብን፣ ከረበሽናችሁ ደውሉልን» ብላችሁ። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ግን ሙዚቃውን ቀንሱ። ቀድሞ የተነገረው ጎረቤት አብዛኛውን ጊዜ ይታገሣል። ያልተነገረው ሊደውል የሚችለው ለፖሊስ ነው።

ደብዳቤ ካልገባችሁ ለማሳየት አትፈሩ። ከ12 እስከ 27 ዓመት ላሉ መጤ ወጣቶች በየከተማው ነፃ የምክር አገልግሎት አለ፤ ከዚያ በላይ ለሆኑትም እንዲሁ። እነ ካሪታስና ዲያኮኒ የሚባሉት የቤተ ክርስቲያን የእርዳታ ድርጅቶችም ይሰጣሉ። ቀጠሮ ያዙና ደብዳቤውን ከነፖስታው ይዛችሁ ሂዱ። በተለይ የቢጫውን ፖስታ አትጣሉ፤ ፖስተኛው ያደረሰበትን ቀን የሚጽፈው እሱ ላይ ነው።