የሞግዚቷ ደመወዝ ከሱቁ ሒሳብ ይውጣ

እህቴ፣ ጥያቄዎን በጥንቃቄ አንብቤዋለሁ። ከባለቤትዎ ጋር ቸርችል ጎዳና አካባቢ አነስተኛ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ እንዳላችሁ፣ የአራት ዓመት ልጅና የስምንት ወር ሕፃን እያሳደጋችሁ መሆኑን ገልጸው፣ የሞግዚት ደመወዝ እርስዎ ሱቅ ውለው ከሚያስገቡት ጋር ስለሚቀራረብ «ቤት ብቀር አይሻልም ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። እኔም ከባለቤቴ ጋር አራት ኪሎ በዚሁ ሥራ ላይ ሆኜ ሦስት ልጆች ስላሳደግሁ፣ የማምንበትን በዝርዝር እጽፍልዎታለሁ።

በመጀመሪያ ስሌቱ ራሱ መስተካከል አለበት። የሞግዚቷን ደመወዝ ከእርስዎ ድርሻ ላይ ብቻ መቀነስ፣ ልጆቹን የእናታቸው ብቻ አድርጎ መቁጠር ነው። ሱቁ የቆመው በሁለት ሰው ጉልበት ከሆነ፣ ሁለቱም ሥራ ላይ እንዲውሉ የሚያስችለው ወጪ የሱቁ ወጪ ነው፤ ከቤት ኪራዩ፣ ከወረቀቱና ከማሽኑ የቀለም ዱቄት (ቶነር) ጋር በአንድ መዝገብ መስፈር አለበት። በግብር ሕግ ዓይን የግል ወጪ ስለሆነ ለግብር ተቀናሽ አይደረግም፤ ይህ ግን እናንተ ለራሳችሁ በምትይዙት ሒሳብ ላይ እንዳይሰፍር አያግደውም። በእኛ ቤት ይህ ከተወሰነ ወዲህ ንግግራችን «ከማን ገቢ ይቀነስ?» ከሚለው ወጥቶ «ሱቁ ይህን መሸከም ይችላል ወይ?» ወደሚለው ዞረ፤ ይህኛው ደግሞ ሒሳብ የሚመልሰው ጥያቄ ነው።

መልሱን ለማግኘት፣ ባለቤትዎ ብቻቸውን በሚሠሩበት ጊዜ ሱቁ የሚያጣውን ለጥቂት ሳምንታት ይመዝግቡ። ዕቃ ለማምጣት መርካቶ ሲሄዱ በሩ ይዘጋል፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ለማሳተም የመጣ ተማሪ ወረፋው ሲረዝምበት ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል፤ ማሽኑ ወረቀት ሲይዝ ደንበኛ የሚያስተናግድ ሰው አይኖርም። የእርስዎ መኖር ለሱቁ የሚያስገኘው ገቢ በእርስዎ እጅ በተሸጠው ዕቃ ብቻ አይለካም፤ እርስዎ በመኖርዎ ወደ ሌላ ሱቅ ሳይሄድ በቀረው ደንበኛም ይለካል። ከዚህ ጋር ለሁለታችሁም ወርኃዊ ደመወዝ ቁረጡና የቤት ወጪ ከዚያ ብቻ ይውጣ። የሱቁን ሽያጭ በግል ስልክ ቁጥር በቴሌብር መቀበል የወተቱንና የወረቀቱን ገንዘብ ስለሚያደባልቅ፣ ለንግዱ የተለየ የነጋዴ ሒሳብ ብትከፍቱ ይሻላል።

ቤት መቅረትን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚያነሣው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት በጋብቻ ውስጥ በባልና ሚስት ጥረት የሚገኝ ገቢ የጋራ በመሆኑ፣ ንግድ ፈቃዱ በባለቤትዎ ስም ቢሆንም ቤት በመቅረትዎ ብቻ መብትዎ አይጠፋም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሕግ የማያስጠብቀው ነገር ነው፤ ይኸውም የትኛው አከፋፋይ በዱቤ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ትምህርት ቤት በምን ወር ዕቃ እንደሚያዝዝ፣ ማን ከፍሎ ማን እንዳልከፈለ ማወቅ ነው። ይህ ዕውቀት ከሱቁ ለረጅም ጊዜ በራቀ ሰው እጅ አይቆይም። ስለዚህ ሙሉ ቀን መዋል ባይችሉ እንኳ የግማሽ ቀን መገኘትዎን እንዳያቋርጡ አጥብቄ እመክራለሁ።

ወሊድን በተመለከተም አንድ ነገር ልጨምር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተቀጣሪ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀናት ደመወዝ እየተከፈላት ታርፋለች። የራሷ ሱቅ ያላት እናት ይህን የሚሰጣት አሠሪ ስለሌላት፣ ሌላ ልጅ የምታስቡ ከሆነ ዕረፍቱን የሚሸፍን ገንዘብ አስቀድማችሁ በዕቁብ ብታጠራቅሙ መልካም ነው።

የእኛ ሥራ ከባዱ ነገር የሱቁ ወቅትና የልጆቹ ወቅት መጋጨቱ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ትምህርት ቤትም ይዘጋል፤ ሐምሌ ላይ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ቤት ሲውሉ እኛ የግብር ጉዳይ ላይ እንሆናለን። ከነሐሴ እስከ መስከረም ደግሞ ለደብተርና ለደብተር ሽፋን የሚመጣው ሰው ሱቁን በሚያጨናንቅበት በዚያው ሰሞን የራሳችንን ልጆች ምዝገባ መክፈልና የደንብ ልብስ ማሰፋት አለብን። የንግድ ፈቃድ እድሳት ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ስለሚቆይ፣ የግብር ማስረጃውን ካገኛችሁ በኋላ እድሳቱን ወደ ኅዳር መግፋት በዚያ ጥድፊያ መካከል ትልቅ እፎይታ ይሰጣል። ዕቁቡ ሐምሌ ላይ እንዲደርሳችሁም ከዳኛውና ተራ ለመለዋወጥ ፈቃደኛ ከሆነ አባል ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ደብተሩ ሳይወደድ የሚገዛው በዚያ ገንዘብ ነው።

ልጆቹን ሱቅ ማዋልን በተመለከተ፣ የአራት ዓመቱ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ለአንድ ሰዓት ያህል ከእናንተ ጋር ቢቀመጥ ጉዳት የለውም፤ የወረቀት መቁረጫው ግን እጁ በማይደርስበት ከፍታ ላይ መሆን አለበት። ሕፃኑን ከማሽን ሙቀትና ከቶነር ብናኝ ጋር ማዋልን ፈጽሞ አልደግፍም።

ሞግዚት መቅጠር ካሰባችሁ ገበያው ቀዝቀዝ ባለበት በጥር ወይም በየካቲት አድርጉት፤ ነሐሴ ሲደርስ ልጆቹ ይለምዷታል። ስትቀጥሯት ለበዓል ወደ ቤተሰቧ የምትሄደው መቼ እንደሆነ ጠይቁና ተስማሙ። እንቁጣጣሽን ከቤተሰቦቿ ጋር ማሳለፍ ብትፈልግ መብቷ ነው፤ ለእናንተ ግን ከዓመቱ ሁሉ ሥራ የሚበዛበት ሳምንት ስለሚሆን፣ ለጳጉሜን አያታቸውን ወይም የምታምኗትን ዘመድ ከሐምሌ ጀምራችሁ ለምኑ።