ጥር ላይ ቅዳሜ ማን ይምጣላችሁ?

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ?

የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። ስድስት ጓደኛሞች የውዝዋዜ ቡድን ካቋቋምን ሦስት ዓመታችን ነው። እንጀራችን ሠርግ ነው። የጎንደሩን፣ የጎጃሙን፣ የጉራጌውን፣ የወላይታውን፣ የኦሮሞውን ልብስ እየቀያየርን እንጨፍራለን። ሽልማቱ ደህና ነው፤ ግንባራችን ላይ የሚለጠፈው ብር አንዳንዴ ከክፍያው ይበልጣል።

ግን ሠርግ ሰለቸኝ። ሁሌ ያው ዘፈን፣ ያው ቅደም ተከተል። ስለዚህ የራሳችንን ሥራ ሠራን። አያቴ መንዝ ሆና ሱፍ ስትፈትል እጇ እንዴት እንደሚሄድ፣ እንዝርቱ እንዴት እንደሚሽከረከር እያየሁ ነው ያደግኩት። ከዚያ ተነሥተን የ35 ደቂቃ ትርኢት አወጣን። ባለፈው ጥር፣ ቅዳሜ ቀን፣ አዳራሽ ተከራይተን አሳየን። ለዚያ ብለን ሁለት ሠርግ መለስን። መግቢያው ነፃ ነበር። የመጣው ሰው 41 ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። አብዛኛው ዘመድ ነው።

የአዳራሹንና የድምፅ ማጉያውን ኪራይ የከፈልነው ከቡድኑ ካዝና ነበር። አሁን ሁለቱ ልጆች «ገንዘባችንን አቃጠልሽው» ብለው አኩርፈውኛል። አባቴ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። «ልጄ አዝማሪ ሆና ሌሊት ትገባለች» እያለ ለጎረቤት ሁሉ ያዝናል። አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ አዲስ አበባ አንድ ባህላዊ ምግብ ቤት ትጨፍራለች፤ «ቦታ አለ፣ ነይ» ትለኛለች።

ልሂድ ወይስ ልቅር?

ግራ የገባት፣ ከጠባሴ

*

የኔ እህት፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። የፈትሉ ነገር ደስ አለኝ። «ጥር፣ ቅዳሜ» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ሳቄ መጣ፤ አትቀየሚኝ። በጥር ቅዳሜ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሠርግ ያልተጠራ ሰው ማን አለ? ዘመዶችሽ መምጣታቸው ራሱ ትልቅ ፍቅር ነው! እናንተም በዓመቱ ምርጥ የገበያ ቀን ሥራ ዘግታችሁ ተቀመጣችሁ። 41 ሰው መምጣቱ ስለ ሥራችሁ መጥፎነት ምንም አይነግረኝም። ቀኑን ነው የሳታችሁት።

አንቺ «ሠርግ ወይስ የራሴ ሥራ» ብለሽ ትጨነቂያለሽ። አገራችን ግን ጊዜውን ቀድሞ ከፋፍሎላችኋል። ጥር የሠርግ ነው። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ 55 ቀን ሠርግ የለም። እናንተ ያንን ጊዜ «ሥራ የቀዘቀዘበት» ትሉታላችሁ መሰለኝ። እኔ ብሆን የልምምድ ጊዜ ነው የምለው። ጾሙን አክብራችሁ፣ ከበሮ ሳትመቱ፣ በጭብጨባና በቆጠራ ብቻ መሥራት ትችላላችሁ። ለእንዝርቱ ትርኢት እንዲያውም ዝምታው ሳይሻል አይቀርም። ከእናንተ መሀል በጾም መጨፈር ሕሊናው የማይፈቅድለት ካለ ግን አታስገድዱት፤ ክረምትም አለላችሁ።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። እዚህ ላይ ያኮረፉት ልጆች እውነት አላቸው። የሠርግ ገንዘብ ላባቸው ነው። «ለጥበብ ነው» ስለተባለ ብቻ ከካዝና አይወጣም። ዕቁብ ታውቂያለሽ አይደል? ስድስት ናችሁ። ከዛሬ ጀምሮ ከየሠርጉ የሚገኘውን ለሰባት ክፈሉት። ሰባተኛው ዕጣ የትርኢቱ ነው። በሌላ ሰው ስም ይቀመጥ፤ አንቺ አትያዢው። አዳራሽ የምትከራዩት ሰባተኛው ዕጣ ሲችል ብቻ ነው። ካልቻለ ግቢ ፈልጉ። መጀመሪያ ግን ሁለቱን ልጆች ቡና ጠርተሽ ይቅርታ ጠይቂ፤ ያለ ማብራሪያ።

ነፃ መግቢያውንም ተዉት። ነፃ የገባ ሰው መሀል ላይ ተነሥቶ ይወጣል። ትንሽም ቢሆን የከፈለ ግን ብሩን እስኪያወጣ ይቀመጣል።

አዲስ አበባን በተመለከተ፣ ምግብ ቤት መጨፈር ነውር የለበትም። ካዛንቺስ በነበረው ፈንድቃ በሚባል የአዝማሪ ቤት ጨፋሪው መላኩ በላይ ለዓመታት ያለ ደመወዝ፣ በሽልማት ብቻ ሲጨፍር ኖሮ ነው ኋላ ቤቱን ራሱ የያዘው፤ ዓለምንም በእስክስታው ዞሯል። ግን አንቺ የሸሸሽው ያንኑ ቅደም ተከተል ነው። እዚያ በሳምንት አንዴ የነበረው በየማታው ይሆንብሻል። ጓደኛሽን ደመወዙን ብቻ አትጠይቂያት። የቤት ኪራይ ከፍላ ስንት ይተርፋታል? ከሥራ በኋላ ማን ያደርሳታል? ጉልበቷስ እንዴት ነው? መልሷን ሰምተሽ ከዚያ ወስኚ። እኔን ከጠየቅሽኝ ዘንድሮ አትሂጂ። ይልቅ በጾሙ አንድ ሁለት ቀን ወጣ ብለሽ የዘመናዊ ውዝዋዜ ልምምድ አይተሽ ተመለሺ። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ አውቶቡስ ሞልቷል። እዚያው ከተማችሁም ሰርከስ ደብረ ብርሃን አለ። አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ጨምሮ ልጆችን ሲያሠለጥን ኖሯል። ያለ ሠርግ ገንዘብ እንዴት እንደቆዩ ሄደሽ ጠይቂያቸው፤ ለምን እስካሁን እንዳልሄድሽ ገርሞኛል።

አባትሽ። «አዝማሪ» ስድብ እንዳልሆነ ማስረዳት እችል ነበር። ግራዚያኒ በ1929 ዓ.ም. ጠንቋዩንና ተራኪውን ሁሉ እየያዛችሁ ግደሉ ብሎ ሲያዝ፣ አዝማሪዎችም አልተረፉም፤ አፋቸውን ፈርቶ ነው። ግን ይህን ለአባትሽ አትንገሪው። ክርክር ታሸንፊያለሽ፣ አባትሽን አትመልሺም። ንግግሩን ደግመሽ ስሚው፤ «ሌሊት ትገባለች» ነው ያለው። እሱን መልሺለት። ሠርግ ስትሄዱ የት እንደሆነ፣ በማን መኪና እንደምትመለሺ፣ በስንት ሰዓት እንደምትደርሺ ቀድመሽ ንገሪው። ብትዘገዪ ደውዪለት። ለተወሰነ ጊዜ ይህን ብቻ አድርጊ።

አንድ የረሳሁት፦ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል። ሳትሟሟቁ ሲሚንቶ ወለል ላይ አትዝለሉ። ምንጣፍ ወይም ጣውላ ፈልጉ። ጉልበት አንዴ ከሄደ ሠርጉም ትርኢቱም የለም።

ትርኢቱን ከፋሲካ በኋላ ባለው ሐሙስ ድገሙት። ሠርጉ ዳግማይ ትንሣኤ ላይ ከመጀመሩ በፊት ማለት ነው። ሰው ጠግቦ ቤት የሚውልበት ሳምንት ነው፤ ምን እንደሚያይ ይፈልጋል። ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምራችሁ ከ10 ሰዓት በፊት ጨርሱ፤ ከዚያ በኋላ ብርዱ ተመልካች አያስቀምጥም።