የአያትህን ካዝና ግራይንደር እንዳታስነካው

ሰላም ወንድሜ፣ ከድሬዳዋ የላክልኝን ጽሁፍና ፎቶዎቹን አይቻቸዋለሁ። ለሌላው አንባቢ ነገሩ እንዲገባው ባጭሩ ላስቀምጠው። አያቱ ቡናና ቆዳ ይነግዱ ነበር፣ ከሳቸው የቀረ ወገብ የሚደርስ የብረት ካዝና አለ፣ ያለው ቁልፍ አንድ ብቻ ነው፣ እስካለፈው ወር ድረስም በደንብ ይከፈት ነበር። ከዛ መጠባበቂያ ይኑረኝ ብሎ ገበያ ኮፒ አስቀርጾ ሞከረ፣ ኮፒው እምቢ አለ፣ ከዛን ቀን ጀምሮ ዋናው ቁልፍም ትንሽ ዞሮ ይቆማል። የሰፈር በያጅ በግራይንደር ባንድ ሰዓት እከፍተዋለሁ ብሎታል፣ ቁራሌው ደሞ በኪሎ ልውሰደው እያለ በየቀኑ ይመላለሳል። ቤተሰቡ ካዝናው ከድሮው የአቢሲኒያ ባንክ የወጣ ነው ይላል፣ እውነት ይሆን ወይ ብሎም ጠይቆኛል።

መጀመሪያ በያጁን አሰናብተው። እኔ ራሴ ወጣት እያለሁ ይቺን ስህተት ሰርቻለሁ፣ አንድ ነጋዴ ቁልፍ ጠፋብኝ ብሎ አስጠርቶኝ የካዝናውን ጎን በግራይንደር ከፈትኩት። ላሜራው ሲቀደድ ከውስጥ እርጥብ ሰጋቱራ ከጀሶ ጋር ተደባልቆ እንደ ገንፎ እየወረደ፣ ሰጋቱራው በብልጭታው እየጨሰ፣ ክፍሉ በሙሉ የተቃጠለ እንጨት ሸተተ። ከውስጡ የተገኘው ሁለት ጥራዝ ደረሰኝ ነው፣ ግማሹም ተለብልቧል። ካዝናው ያው ለቁራሌ ሆነ። ያ በሁለቱ ላሜራ መሀል የሚሞላው ነገር ዝም ብሎ መሙያ አይደለም፣ እሳት ሲነካው ውስጡ የያዘውን ውሃ በእንፋሎት እየለቀቀ ወረቀቱን እንዲያተርፍ ታስቦ የተሰራ ነው። ሚልነር የሚባለው የሊቨርፑል ካዝና ላይ 212 የሚል ቁጥር ታያለህ፣ ብዙ ሰው ሞዴል ወይ የተሰራበት ዓመት ይመስለዋል፣ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ነው እኮ፣ በፋራናይት። ደሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተሰሩ አንዳንዶቹ ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል አቧራው ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን አለ፣ ግራይንደር አስነክተህ ያንን አቧራ ቤትህ ውስጥ ልትበትነው ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ በሽታው። ፎቶው ላይ በአረንጓዴ ቀለም የተለቀለቀችው የነሐስ ሰሌዳ ቻብ ትላለች፣ የእንግሊዝ የመቆለፊያና የካዝና ሰሪ ነው፣ እሱን ሳይ ነው ነገሩ ወለል ያለልኝ። ቻብ ዲቴክተር የሚባል መቆለፊያ አለው። ውስጡ ሌቨር የምንላቸው ቀጫጭን ቅጠሎች ተደርድረዋል፣ እያንዳንዱ በስፕሪንግ ይገፋል፣ የቁልፍህ ጥርሶች እያንዳንዱን ልክ በሚፈለገው ከፍታ ሲያነሱት ብቻ ነው ብረቱ የሚንቀሳቀሰው። ታዲያ ያልሆነ ቁልፍ ገብቶ አንዱን ሌቨር ከልኩ በላይ ካነሳው አንድ ስፕሪንግ ቀልቦ ይይዘዋል፣ ከዛ በኋላ ትክክለኛው ቁልፍ ቢመጣም አይከፍትም። የተበላሸ እንዳይመስልህ፣ ባለቤቱ ሲመጣ "ሰው ነካክቶኝ ነበር" ብሎ ሊነግረው ነው እንደዛ የሚያደርገው። ያንተ ኮፒ ቁልፍ ጥርሱ በአንድ ጸጉር ያህል ረዝሞ ከተቀረጸ ይሄ ይበቃዋል።

ይሄን ጀርሚያ ቻብ ነው እ.ኤ.አ. በ1818 ፓተንት ያስወጣለት (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው የታሪክ ዓመቶችም በፈረንጁ ናቸው)። በፖርትስማውዝ የመርከብ ግቢ ስርቆት ተፈጽሞ የእንግሊዝ መንግስት ከራሱ ቁልፍ በቀር በምንም የማይከፈት መቆለፊያ ለሚሰራ 100 ፓውንድ ሽልማት አውጥቶ ነበር። እዛው እስር መርከብ ላይ ቁልፍ ሰሪ የነበረ እስረኛ ከከፈትከው ነጻ ትወጣለህ ተብሎ ወራት ታግሎ አቃተው ይባላል። (በ1851 ግን ሆብስ የሚባል አሜሪካዊ ለንደን መጥቶ በ25 ደቂቃ ከፈተውና እንግሊዞቹን አንገት አስደፋቸው፣ ለኛ ሙያ ሰው ይቺ ታሪክ ሁሌ ታስቃለች።) አንተን የሚመለከትህ ግን 1824 ነው። የመጀመሪያው ዲቴክተር ከተያዘ የሚለቀው በሌላ ልዩ ቁልፍ ነበር፣ በ1824 አሻሽለውት ያው የራሱ ቁልፍ ወደ ተቃራኒው ሲዞር እንዲለቀቅ አደረጉት።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ኮፒውን ጣለው፣ ወይ ቢያንስ ከካዝናው አጠገብ አርቀው። የቁልፍ ቀዳዳውን በንፋስ አስነፋው፣ ዘይት አታፍስበት፣ ዘይት ከአቧራ ጋር ሆኖ ሌቨሮቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል፣ እኔ ጋ ከሚመጣው ግማሹ በደግነት ዘይት የተሞላ ነው። ዋናውን ቁልፍ አስገባና ለመክፈት ከምታዞርበት በተቃራኒው፣ ማለትም ወደምትቆልፍበት አቅጣጫ፣ ቀስ ብለህ አዙረው። ብዙ አይሄድም፣ ትንሽ ሄዶ "ቀጭ" የሚል ነገር በጣትህ ይሰማሃል። ከዛ እንደ ወትሮው ክፈት። ካልሰማህ አውጥተህ እንደገና ሞክር፣ ግን ፒንሳ ይዘህ እንዳትጠመዝዘው፣ ያ አንድ ቁልፍ ውስጥ ከተሰበረ የእውነት ችግር ያኔ ነው የሚጀምረው።

አሁንም ካልሆነ እጀታውን እየው። ካዝና ላይ በሩን የሚይዙትን ወፋፍራም ብረቶች የሚያስገባና የሚያስወጣው እጀታው ነው፣ ቁልፉ እነሱን አግዶ መያዝ ነው ስራው። እጀታው ተወጥሮ ከሆነ ክብደቱ ሁሉ ቁልፉ ላይ ይመጣል። በጉልበትህ በሩን ወደ ውስጥ እየገፋህ፣ እጀታውን ወደተዘጋበት በኩል ያዝ አድርገህ ቁልፉን ሞክር። ወለሉንም በውሃ ልክ ለካው፣ እንዲህ ያለ ከባድ እቃ ጣውላ ወለል ላይ ብዙ ዓመት ሲቀመጥ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ በሩም ይጎብጣል። በሁለት ቁራጭ ላሜራ ከስር ደግፌው ብቻ የተከፈተልኝ ካዝና አለ፣ ሰውየው ምን ልከፍልህ ብሎ ግራ ገባው።

ወደ ባንኩ ወሬ ልምጣ። ሰሌዳውን በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፈትገው፣ ቀለሙን በቀለም ማስለቀቂያ በጨርቅ ቀስ እያልክ አንሳው። አሁን ከፎቶው የቻልኩት ያህል አንብቤያለሁ፣ ከስሙ ቀጥሎ ካምፓኒ ሊሚትድ የሚል አለ፣ ከስር ደግሞ የግርማዊ ንጉሡ ካዝና ሰሪዎች የሚል በእንግሊዝኛ። ቻብ ሊሚትድ የሆነው በ1882 ነው። እስከ 1901 መጀመሪያ እንግሊዝ የምትገዛው በንግሥት ቪክቶሪያ ስለሆነ ያኔ የተሰራ ቢሆን ንጉሥ ሳይሆን ንግሥት ይል ነበር፣ በ1952 ደሞ ኤልሳቤጥ መጣች። ስለዚህ ካዝናህ ከ1901 እስከ 1952 ባለው ውስጥ የተሰራ ነው። የአቢሲኒያ ባንክ በ1905 ተመስርቶ በሚቀጥለው ዓመት ስራ ጀመረ፣ በ1931 በኢትዮጵያ ባንክ ተተካ፣ ድሬዳዋም ቅርንጫፍ ነበረው። ወሬው አይጋጭም ማለት ነው። ግን አይጋጭም ማለት ተረጋገጠ ማለት አይደለም፣ ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ ከገባ ጀምሮ ስንቱ ነጋዴ ከባድ እቃ ከጅቡቲ በኩል ያስመጣ ነበር፣ አያትህም ራሳቸው አዘው አስመጥተውት ሊሆን ይችላል፣ ለኔ እንደውም ይሄኛው ይበልጥ ይመስለኛል። መቼም ካዝና ያለው ቤተሰብ ሁሉ ከባንክ ነው የወጣው ይለኛል።

የሚለየው ወረቀት ነው። የአያትህን ሰነዶች ፈትሽ፣ የባቡር ጭነት ደረሰኝ፣ የጉምሩክ ወረቀት፣ የጨረታ ደብዳቤ ካለ። ቀኑን ስታይ ግን ተጠንቀቅ፣ 1921 የሚል ካገኘህ በኛ አቆጣጠር ከሆነ በፈረንጁ 1928 ወይ 29 ነው፣ በዚህ ምክንያት ስምንት ዓመት ተሳስቶ ዓለምን የሚያዳርስ ሰው አለ። ፓተንት የሚል ዓመትም ካየህ ሀሳቡ የተመዘገበበት ነው፣ ካዝናው ከዛ ሰላሳ ዓመት በኋላ የተሰራ ሊሆን ይችላል።

ሲከፈት ከበሩ ጀርባ ያለው መቆለፊያ ላይ የተመታ ቁጥር ይኖራል፣ በፎቶ ካልወጣ ስስ ወረቀት ለጥፈህ በእርሳስ ፈትገው፣ ከቁልፉ ላይ ያለውን ቁጥርም ጨምርና ሁለቱን ላክልኝ። እስከዛ በሩን መልሰህ እንዳትዘጋው፣ ብረቶቹን አውጥተህ ቆልፈህ ክፍት እንዳለ ተወው፣ ህጻናት ካሉም ክፍሉን ዝጋው።