128 ማለት አባትሽ የሚኖሩት ዕድሜ አይደለም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ 61 ዓመታቸው ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ደረታቸውን ሲያማቸው ጨጓራ ነው ብለው ቤት አደሩ። ለካ ሃርት አታክ ነበር። ስቴንት (የልብ ደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ገብቶላቸው ወጥተዋል። ወረቀታቸው ላይ «ግሬስ 128፣ መካከለኛ» ይላል፤ ኢኮው (የልብ አልትራሳውንዱ) ደግሞ 42 በመቶ። ስንት ጊዜ ይኖራሉ ማለት ነው? እንቅልፍ አጥቻለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል። ከ128ቱ ልጀምር። ግሬስ ታማሚው ሆስፒታል ሲደርስ ሕመሙ ምን ያህል አስጊ እንደሆነ ለማወቅ የምናሰላው ነጥብ ነው፤ ዕድሜ፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ የኩላሊት ምርመራ፣ ሳንባ ውሃ መያዝ አለመያዙ፣ የኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ለውጥ፣ ትሮፖኒን (ልብ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምር ንጥረ ነገር)፣ ሲመጡ ልባቸው ቆሞ ከነበረ እሱም ይደመራል። ለእኛ የሚጠቅመን ማን ቶሎ ካቴተር ክፍል (የልብ ደም ሥር በቀጭን ቱቦ የሚታይበትና የሚከፈትበት ክፍል) ይግባ የሚለውን ለመወሰን ነው። ከ109 እስከ 140 መካከለኛ ይባላል፦ እንዲህ ካሉ መቶ ሰዎች ሆስፒታል ውስጥ የሚሞቱት ከ1 እስከ 3 ናቸው። አባትሽ ደግሞ ያንን አልፈው ቤታቸው ገብተዋል።

እኔን አሁን የሚያሳስበኝ 42ቱ ነው። ጤነኛ ልብ በእያንዳንዱ ምት ከያዘው ደም ከግማሽ በላይ ይረጫል፤ የእሳቸው ትንሽ ቀንሷል። ግን በዚያው ሰሞን የታየ ኢኮ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ ጡንቻው ሳይሞት ደንዝዞ ሊሆን ይችላል። ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ይደገምላቸው፤ ብዙ ሰው ላይ ከፍ ብሎ እናገኘዋለን። መድኃኒት በደንብ እየወሰዱም 35ና ከዚያ በታች ሆኖ ከቀረ ነው ስለ ድንገተኛ የልብ ምት መዛባት በጣም የምንሰጋው።

አሁን የምለምንሽ ነገር አለ። አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል አብረው የታዘዙላቸው ስቴንቱ ውስጥ ደም እንዳይረጋ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ይወሰዳሉ። «ተሽሎኛል» ብለው፣ ወይም ጾም ገባ ብለው፣ ወይም ጥርስ ሊያስነቅሉ ሲሉ በራሳቸው እንዳያቆሙ። ጾሙን ከንስሐ አባታቸውና ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩበት፣ ክኒኑ ግን አይቋረጥ። ማታ ማታ ማሸጊያውን እያየሽ ባዶውን ቀዳዳ ቁጠሪ፤ ብዙ ቤት ውስጥ ችግሩ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። የሚያጨሱ ከሆነ ዛሬውኑ ያቁሙ፤ ይሄን የሚያህል መድኃኒት የለኝም። ስኳርና ግፊት ካለባቸውም ክትትሉ አይላላ።

ሰው የሚፈራው የመጀመሪያውን ቀን ነው እንጂ ቀጣዮቹ ወራትም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ደረታቸውን ከተጫናቸው፣ ላብ ካጠመቃቸው፣ መንጋጋና ግራ እጃቸውን ከያዛቸው፣ ወይም ሕመም ሳይኖር ትንፋሽ ካጠራቸው (ስኳር ያለበት ሰው ሕመሙ ላይሰማው ይችላል) እንደ በፊቱ ጨጓራ ነው ብላችሁ አታሳድሯቸው። 907 ደውላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ። መኪና በእጃችሁ ካለና አምቡላንሱ ከዘገየ በመኪናው ውሰዷቸው፤ እሳቸው ግን አይንዱ።

የኢኮው ውጤት ሲደገም ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።